ጥጉ ላይ ቀይ ነጥብ ያለበት ፖስታ

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፤

አዳራሹን አስተካክላችሁ፣ ኬክ አዝዛችሁ፣ የሥራ ሰዓታችሁን ሸርፋችሁ እኔን ለመሸኘት ስለተሰበሰባችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ሃያ ስምንት ዓመት ከመስኮት ጀርባ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህን ያህል ሕዝብ ፊት ለፊቴ የማየው ወረፋ ሲኖር ብቻ ስለሆነ፣ መሐል ላይ ተሳስቼ "ቀጣይ!" ብል ይቅር በሉኝ።

ንግግሬን ከወረቀት ሳነብ ታያላችሁ። እርጅና አይደለም፤ ፈርቼ ነው። ከጀርባዬ "ወይዘሮ ምናልባት" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ስሙን ያወጣችው የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ መሆኗንም አውቃለሁ። አትሸማቀቂ እህቴ፤ ልክ ነሽ። "ምናልባት" ሳልል የጨረስኩት ቀን የለም። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ለልጄም ለልጅ ልጄም ተርፌያለሁ።

ግን ይህን ፍርሃት ከቤቴ ይዤው አልመጣሁም። እዚሁ ነው የተማርኩት።

አዲስ የተቀጠራችሁ ልጆች ስላላችሁ ከመነሻው ልንገራችሁ። እኔ ስቀጠር መንግሥት ለሕፃናት የጤና መድን ገንዘብ የሚፈቅደው በአምስት ዓመት አንዴ ነበር። አንድ ሕፃን ካርድ ሲያወጣ በዚያው ካርድ ትምህርት ቤት ይገባ ነበር። ከዚያ በዓመት ሆነ። ከዚያ በስድስት ወር። አሁን በዘጠና ቀን ነው። ዘጠና ቀን! በዘጠና ቀን ምን ያድጋል? ሰላጣ ያድግ ይሆናል። ልጅ ግን አያድግም።

ወላጅ ስልክ ደውሎ "ካርዱ ይሠራል ወይ?" ሲል የምንመልሰው ቃል ተጽፎ ተሰጥቶናል፤ "ለዛሬው ይሠራል።" ከዚህ አንድ ፊደል አትጨምሩ ተብለናል። ቃሉ ቤቴ ድረስ ተከትሎኛል። ባለቤቴ "ምሳ አለ?" ሲለኝ "ለዛሬው አለ" እለዋለሁ። "ትወጂኛለሽ?" ብሎ መጠየቅ ካቆመም ቆይቷል።

አሁን ወደ ሁለቱ መደርደሪያዎች ልምጣ። ምክር ቤቱ ገንዘቡን የሚያጸድቀው ሁልጊዜ በመጨረሻዋ ቀን ነው። ለየወላጁ የምንልከው ይህ ሁሉ ደብዳቤ ደግሞ በአንድ ቀን ተጽፎ አያልቅም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ደብዳቤ አስቀድመን እናሽጋለን። አንዱ "የልጅዎ ካርድ ታድሷል" ይላል። ሌላው "የልጅዎ ካርድ ከዛሬ ጀምሮ አያገለግልም" ይላል። የመጀመሪያውን "ከጸደቀ" እንለዋለን፤ በቀኝ መደርደሪያ ይቀመጣል። ሁለተኛውን "ካልጸደቀ" እንለዋለን፤ በግራ። ውሳኔው ሲሰማ አንዱ ይላካል፣ ሌላው ይቀደዳል። እስከ ዛሬ የቀደድነው የግራውን ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ሊጎበኙን መጥተው፣ "ታዲያ ምን ያስፈራችኋል? ገንዘቡ እኮ መጨረሻ ላይ ይመጣል" አሉኝ። አዎ፣ ይመጣል። እስኪመጣ ድረስ ያለውን ግን ማን ይኑረው? "እስከ ወር መጨረሻ ቅጠሩኝ" ብላ የምትገባ ነርስ አለች? በካርዳችን ያክም የነበረው ያ ደጉ የሕፃናት ሐኪም እንኳ ሲሰናበተን ምን ነበር ያለው? "የምክር ቤቱን ጨዋታ የለመድኩ መስሎኝ ነበር፤ ግን በየሦስት ወሩ ልጆቹን እንደገና መሰናበት አቃተኝ" አለ። የሄደው ደመወዝ አንሶት ይመስላችሁ ነበር? አይደለም።

አሁን ለዘጠኝ ዓመት ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝኩትን ልናገር ነው። ውኃ ትንሽ ልጠጣ።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ውሳኔው የተሰማው በመጨረሻዋ ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። ጸደቀ! ጮህን፣ ተቃቀፍን። የፖስታ ከረጢቱ ግን ፖስታ ቤት ከመዘጋቱ በፊት መሙላት ነበረበት። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንዲሉ፣ በየሰፈሩ በገመድ ያሰርናቸውን የደብዳቤ እስሮች በሁለት እጄ እያነሳሁ ስከት አንዱን እስር ከግራው መደርደሪያ አነሳሁ። የአንድ ሰፈር እስር ነው። አርባ አንድ ቤት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዲት ልብስ ሰፊ መስኮቴ ላይ ቆመች። ልጇን በእጇ ይዛለች። ልጅቷ የሚጥል ሕመም አለባት፤ በየቀኑ ኪኒን ትውጣለች። ግንባሯ ላይ አዲስ ስፌት አለ፣ ሁለት የፊት ጥርሶቿ የሉም። እናትየዋ ደብዳቤያችንን በላስቲክ ጠቅልላ አወጣች።

"ይቅርታ እትዬ" አለችኝ። ይቅርታ! "እኔ በደንብ ሳላነበው የቀረሁት ነገር ካለ ብዬ ነው የመጣሁት። ካርዱ አያገለግልም ሲል መድኃኒቷን ግማሽ ግማሽ አደረግኩት፣ እንዲበረክትልኝ። ከዚያ የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ጣላት።"

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ካርዱ ይሠራል።

"ካርድዎ ይሠራል" አልኳት።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አልተቋረጠም ነበር።"

ደብዳቤውን በመስኮቱ ገፋችልኝና፣ "ታዲያ ይሄን ማን ጻፈው?" አለችኝ።

"ኮምፒውተሩ ነው" አልኳት። ኮምፒውተር ምን አፍ አለው? አይመልስልኝም ብዬ ነው። ልጅቷ ግን ቀና ብላ አየችኝ። ልጆች ውሸት ሲዋሽ ያውቁታል። ያን ዓይን እስከ ዛሬ እፈራዋለሁ።

የቀሩትን አርባ ቤቶች በዚያው ሳምንት በስልክ አገኘናቸው፤ ሌላ ልጅ አልተጎዳም። ከዚያ ማጣራት ተጀመረ። ከረጢቱን ወደ ፖስታ ቤት ያደረሱት የመሥሪያ ቤታችን መልእክተኛ፣ "ጋሽ ቀስ በሉ" የምንላቸው ነበሩ። እሳቸው "የተሰጠኝን ነው የወሰድኩት" አሉ። ማን ይስማቸው? የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ፋይላቸው ውስጥ ገባ። እኔስ? እኔ በስብሰባው ላይ ሦስተኛ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጫማዬን አየሁ።

ጋሽ ቀስ በሉ ጡረታ ከወጡ አራት ዓመታቸው ነው። ዛሬ ለእኔ ብለው መጥተው እዚያ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ክቡራትና ክቡራን፣ ያን እስር የከተትኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። ለቅሶዬን እስክጨርስ ጠበቁና "አውቃለሁ እኮ" አሉኝ። "እስሩን ሁለት ጊዜ የምትቋጥሪው አንቺ ብቻ ነሽ። ገመዱን ሳየው አወቅኩ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"አንቺ ብትነሺ መስኮቱ ላይ ማን ይቀመጥ ነበር? ማስጠንቀቂያ እንደሆነ ወረቀት ነው። እኔ ስኖር ወረቀት ስሸከም አይደለም እንዴ የኖርኩት?"

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ያ ወረቀት ከእሳቸው ፋይል ይውጣና ከእኔ ፋይል ይግባ። የእኔ ገና አልተዘጋም፤ ቦታ አለው። ይህን በመናገሬ ጡረታዬ ይያዝ ይሆን ብዬ ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም። ግን ጋሽ ቀስ በሉን ጥፋቴን እንደተሸከሙ ትቼ መሄድ ይበልጥ አስፈራኝ።

በ"ካልጸደቀ" ፖስታ ቀኝ ጥግ ላይ የምናደርጋትን ትንሽ ቀይ ነጥብ ታውቋታላችሁ። ብዙዎቻችሁ መመሪያ ይመስላችኋል። መመሪያ አይደለችም። ልብስ ሰፊዋ በሄደች ማግስት እኔ ነኝ የጀመርኳት፣ ዳግመኛ እንዳይቀላቀል። እናንተም እያያችሁኝ ያዛችኋት። የእኔ ፍርሃት ናት፤ ስታስረክቡ አብራችሁ አስረክቧት።

አሁን ስለ ማክሰኞ ልናገር።

ሁላችሁም እንደምታውቁት ምክር ቤቱ ማክሰኞ ድምፅ ይሰጣል። የቀረበው ሐሳብ ለአሥር ዓመት የሚዘልቅ ገንዘብ ነው። አሥር ዓመት! ስሰማው ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። አሥር ዓመት ማለት አንዲት ሕፃን ካርዷን ሳታሳድስ ኮረዳ ሆና እናቷ ላይ በር ስትዘጋ ማለት ነው። ደስ አይልም? ግን ዘንድሮ ሌላም ነገር አለ። አሥር ዓመቱ ካልጸደቀ፣ ዘጠና ቀን የሚባል አማራጭ ከእንግዲህ አይቀርብም ተብሏል። ያለው ገንዘብ በዚህ ወር መጨረሻ ያልቃል። ወይ አሥር ዓመት፣ ወይ ምንም። በሃያ ስምንት ዓመቴ ሁለቱ መደርደሪያዎች እንዲህ ተራርቀው አላየሁም።

የልጅ ልጄን ታውቋታላችሁ። ያቺ የመስኮቱን ማኅተም ግንባሯ ላይ መትታ የሄደችው ጉደኛ። ሰባት ዓመቷ ነው። አምና ስኳር ተገኘባት። ኢንሱሊን በቀን አራት ጊዜ እንወጋታለን፤ እናቷ ሥራ ስትውል እኔ። እስከ አሁን የምትታከመው በእኔ የሠራተኛ መብት ነበር። እኔ ስወጣ መብቱም አብሮኝ ይወጣል። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ልጅቷን ይዤ በሌላው በር ገባሁ፣ ተራ ያዝኩ፣ መስኮቱ ፊት ለፊት ቆምኩ። በውጭ በኩል።

ታውቃላችሁ፣ መስኮቱ ከውጭ ሲያዩት ከፍ ያለ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት አልነገራችሁኝም።

እኔ ራሴ ያሠለጠንኳት ልጅ ካርዱን መታችልኝ። "ይሠራል ልጄ?" አልኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ለዛሬው ይሠራል እትዬ" አለችኝ። ምን ታድርግ? እኔ ነኝ ያስተማርኳት።

ደረጃውን ስንወርድ የልጅ ልጄ እጄን ጎትታ፣ "እማዬ ትልቋ፣ ለዛሬው ማለት ነገ አይሠራም ማለት ነው?" አለችኝ።

ለስንት ሺህ ወላጅ "ለዛሬው" ስል ኖሬያለሁ። ያን ጥያቄ ስንቱ ልጅ እናቱን በዚያው ደረጃ ላይ ጠይቋል? ነግ በኔ የሚለውን ተረት እየተረትኩ ነው ያደግኩት፤ ነጉ ሐሙስ መሆኑን ግን አላወቅኩም።

"ምናልባት" አልኳት። ያው ስሜን።

አሁን ቤት ውስጥ የማቀዝቀዣውን በር እየከፈትኩ የኢንሱሊኗን ብልቃጦች አያለሁ። ባለቤቴ "ስታያቸው አይበዙም እኮ" ይለኛል። የፈሩት ይደርሳል የሚባለውን ተረት ማን እንዳመጣው ባውቅ ኖሮ ሄጄ እጣላው ነበር።

የመጨረሻ ሥራዬ ትናንት ተጠናቀቀ። የማክሰኞን ደብዳቤዎች አሸግሁ። ስም ዝርዝሩን እየተከተልኩ ስወርድ የልጅ ልጄ ስም ላይ ደረስኩ። የእኔው ቤት አድራሻ። አንዱን ደብዳቤ አጠፍኩ፣ አሸግሁ፣ በቀኝ አስቀመጥኩ። ሌላውን አነሳሁ። "ከዛሬ ጀምሮ አያገለግልም።" ልቅደደው ወይ አልኩ። አንድ ፖስታ ቢጎድል ማን ያውቃል? ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ትዝ አለችኝ፣ ለእሷስ ማን ቀደደላት? አጠፍኩት። አሸግሁት። ጥጉ ላይ ቀይ ነጥቧን አደረግኩ። እስሩን ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት።

ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ በገዛ እጄ ካሸግኋቸው ሁለት ፖስታዎች የትኛው እንደሚመጣልኝ እጠብቃለሁ። ሌላው ወላጅ ከፍቶ እስኪያነብ ድረስ ተስፋ አለው። እኔ ግን ፖስተኛው ገና ከበሩ ሲዘረጋው ጥጉን አይቼ አውቀዋለሁ።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ማክሰኞ ጩኸቱ ሲቀልጥ አትቸኩሉ። ቀስ በሉ። እያንዳንዷን እስር አገላብጣችሁ ጥጓን እዩ። የሚላከው የግራው ከሆነም፣ እባካችሁ፣ ወላጆቹ ሲመጡ "ኮምፒውተሩ ነው" አትበሏቸው። በሩን ክፈቱላቸውና ውስጥ አስገብታችሁ አስቀምጧቸው።

ፈጣሪ ጤናችሁን ይጠብቅ። ልጅ ያላችሁ ለወግ ለማዕረግ አድርሱ፤ የሌላችሁ ይስጣችሁ። እጃችሁ አይሳሳት፤ ቢሳሳትም ሳይመሽ የምትናገሩበት አንደበት ይስጣችሁ። ለልጆቻችን "ለዛሬው" የማይባልበት ቀን ያምጣልን። በየቤታችሁም፣ በየደጃችሁም፣ በእኔም ደጅ፣ ጥጉ ንጹሕ የሆነ ፖስታ ይድረሰን።