ጋቢ ገልጠው የሚያዩት ሲስተር አሰለች አረጋ

ዛሬ በዚህ ደብር ቆመን የምንሸኛቸው ሲስተር አሰለች አረጋ፣ ከአባታቸው ከአቶ አረጋ ደሳለ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ገለቴ ይታገሱ በ1962 ዓ.ም. ከላሊበላ ወጣ ባለች መንደር ተወለዱ። በላሊበላ ተምረው፣ ደሴ ወርደው በነርስነት ሠልጥነው፣ በ1984 ዓ.ም. በላስታ ደጋ በአንዲት የገጠር ጤና ጣቢያ ሥራ ጀመሩ።

በዚያው ዓመት ሰብሌ የምትባል አራስ በቃሬዛ መጣች። አማቷና የተሸከሟት ወንዶች ዙሪያዋን ቆመው ስለነበር፣ ሲስተር አሰለች ይሉኝታ ይዟቸው ትኩሳቷን ብቻ ለክተው፣ የተጠቀለለችበትን ጋቢ ሳይገልጡ አሳረፏት። ደሟ ግን በጋቢው ውስጥ እየፈሰሰ ኖሯል፤ የታወቀው ሬሳዋ ሲገነዝ ነው።

ከዚያ ወዲህ ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። ወንዱን ሁሉ ከበር መልሰው፣ በብርድ የደነዘዘ እጃቸውን በብብታቸው አሙቀው፣ የዓይን ቆብ ገልበጥ፣ ሆድ ዳበስ እያደረጉ ይመረምሩ ነበር፤ ያበጠ ቅልጥም ሲጫኑት የጣት ጉድጓድ እንደሚይዝ፣ ጉድጓዱም እስኪሞላ መጠበቅ እንደሚገባ ለጀማሪዎች ያስተምሩ ነበር። በ1987 ዓ.ም. ያገቧቸው መሪጌታ ወልደ ሩፋኤልን፣ ሚስትህ የሰው ሚስት ታራቁታለች እያለ ስንቱ አሽሟጠጣቸው!

አምና ጉበታቸው ታመመ፤ ሆዳቸው ውኃ ቋጠረ፣ እግራቸው አበጠ፣ ደሴም ወስደናቸው ተስፋ እንደሌለው ተነገረን። ሊጠይቋቸው የመጡት ጀማሪ ነርሶች ገላውን የሚያሳይ በሽተኛ እንዳጡ ሲነግሯቸው፣ እንግዲያው በእኔ ተማሩ ብለው ጋቢያቸውን በገዛ እጃቸው ገለጡ። ልጃቸው ማኅሌት እያለቀሰች ልታለብሳቸው ታገለች። መሪጌታም ፊታቸው ጠቁሮ ተነሡ፤ ነርሶቹን ሊያባርሩ መስሎን ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ በሩ ሄደው፣ ጀርባቸውን ወደ ውስጥ ሰጥተው፣ ጠያቂ እንዳይገባ ዘብ ቆሙ። ሲስተር አሰለችም እያቃሰቱ፣ የት ሲነካ እንደሚያቃስቱ ልብ እንዲሉ እያሳሰቡ፣ ሕመማቸውን አስዳሰሱ።

ትናንት ማለዳ ከነርሶቹ አንዷ ጀውሀራ ቅልጥማቸውን ተጭና፣ እንደተማረችው ጉድጓዱ እስኪሞላ ስትጠብቅ፣ ሲስተር አሰለች በተወለዱ በ45 ዓመታቸው ዐረፉ። የገነዟቸው ሴቶች የጣቷን ምልክት አይተውታል፤ አልሞላም።

ባለቤታቸውን መሪጌታ ወልደ ሩፋኤልን፣ ልጆቻቸውን ማኅሌትንና ምስክርን፣ የልጅ ሞት ያዩትን እናታቸውን ወይዘሮ ገለቴን ትተውብን ሄደዋል። ጋቢ የማይጋርደው፣ የተሸፈነውን ቁስል ሁሉ የሚያይ አምላክ ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ሰብሌንም እዚያ ያገናኛቸው። አሜን።