የፍጻሜው ኬክ

ወደ ኦሮራ ከተማ በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ የተቀመጡ እናት አጠገባቸው ያለውን ጎልማሳ ያዋሩታል።

«አበሻ አይደለህ እንዴ ልጄ? ምነው የሜክሲኮ ማልያ ለበስክ?»

«ሳስታምማቸው የከረምኩ የሜክሲኮ ሽማግሌ ማልያ ነው፣ እማማ። የአገራቸውን ሊግ ሲዝኑን ሙሉ አብረን አየን።»

«ቋንቋቸውን ትችላለህ?»

«የት አውቄ! ጎል ሲገባ ተቃቅፈን መጮህ ነው።»

«ጉድ እኮ ነው!»

«ቡድናቸው አንደኛ ሆኖ ሲጨርስ ዋንጫ በላ ብዬ ኬክ ገዛሁ። ሳቁብኝ። ለካ በእነሱ ሊግ አንደኛ ከወጡም በኋላ ገና ጥሎ ማለፍ አለ። ግማሹን ለፍጻሜው ብለው ፍሪዘር ከተቱት።»

«ፍጻሜው መቼ ነው?»

«ዛሬ።»

«ታዲያ እሳቸው ጋ እየሄድክ ነዋ?»

«ባለፈው ሳምንት አረፉ። ማልያውንና ኬኩን ልጃቸው ሰጠችኝ።»

«ነፍስ ይማር። ከማን ጋር ልታየው ነው?»

«ብቻዬን።»

የምወርድበት ፌርማታ ሲያልፍ እያየሁ፣ ከጎልማሳው ጋር ልወርድ ብዬ የማስቆሚያውን ገመድ ሳልስብ ቀረሁ።