በጋንጃው በር ላይ የተሰጣ ሽርጥ

እትዬ ላምዱዋን፣ እንደምን ዋሉ? አይነሱ፣ አይነሱ፣ እዚሁ ከርብራቡ ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ። ያንን የቀርከሃ ቀንበጥ ወዲህ ያምጡት፣ እየላጥን እንጫወት። ዘንድሮ ቀንበጡ እንዴት አምሮበታል… ዝናቡ ነው። ሜኮንግ ወንዝም ሞልቷል አሉ። ዝናብ ለቀንበጥ ይስማማዋል፣ ለሩዙ ይስማማዋል፣ ለእንቁራሪቱም ይስማማዋል። ለልብስ ነው እንጂ የማይስማማው። ትናንት ያጠቡት ዛሬም ያንጠባጥባል። እርስዎስ ታድለዋል፤ ጋሼ ከቤቱ ሥር፣ ከምሰሶዎቹ መሃል ገመድ ወጥረውልዎታል፣ ልብስዎ በወጉ ይደርቃል። ባል ማለት እንዲህ ነው… ገመድ የሚወጥር።

ሁሉም ቤት ግን ገመድ የለውም አይደል? ገመዱስ አለ… የተያዘ ነው እንጂ። አንድ ቤት አውቃለሁ። ስም አልጠራም፤ እኔ የሰው ስም አንስቼ አላውቅም፣ እርስዎ ምስክሬ ነዎት። ደግሞ ድምፄን ምን አስቀነሰኝ? እዚያ ማዶ፣ በኛ ደጅ፣ ከጠዋት ጀምሮ አንዲቱን ሞተር ሳይክል በጨርቅ የሚያሸው ሰው ቢሰማስ ምን አለበት? እሱን የሚመለከት ነገር መች አወራሁ።

የዚያ ቤት አባወራ እንዴት ያለ ሰው መሰለዎት። እንደሱ አዛኝ አላየሁም። መንግሥት ጋንጃ መትከል ተፈቅዷል ያለ ጊዜ፣ በሬዲዮ ካናቢስ ይሉታል፣ መንደሩ ሁሉ ተከለ። ከዚያ ሁሉም ረሳው፣ ላም በላው። እሱ ግን አልረሳም። ጠዋት ከአልጋው ሲነሳ መጀመሪያ ደህና አደራችሁ የሚለው ጋንጃዎቹን ነው። ቅጠል በቅጠል ይዳብሳቸዋል። ዝናብ ሲበረታ ጃንጥላ ይዞላቸው ይቆማል። ሚስቱ ከገበያ የሩዝ ከረጢት ተሸክማ፣ እስከ አጥንቷ በስብሳ ስትገባ፣ እሱ ጃንጥላውን ይዞ ከግንዶቹ አጠገብ ነበር። እጁን እንኳ አወዛወዘላት… ጃንጥላ ያልያዘበትን። እንዲህ ያለ ፍቅር ዛሬ የት ይገኛል?

ታዲያ ደረሰለትና ቆረጠው፣ አምስት ግንድ። የት ያድርቀው? ቤቱን ያውቁታል… አያውቁትም ማለቴ ነው። አንዲት መኝታ ክፍል፣ አንዲት ሳሎን ነገር፣ ከኋላ ወጥ ቤት። ዕቃ ከገባ ሰው ይወጣል፣ ሰው ከገባ ዕቃ ይወጣል። እኔና እርስዎ ብንሆን እንደ ዓሣው ጣራ ላይ አስጥተነው እናርፍ ነበር። ለካ ነውር ነው። እሱ በስልኩ ተምሯል። ጋንጃ ፀሐይ አይወድም፣ ብርሃን አይወድም፣ ሙቀት አይወድም። ቸኩሎ ከደረቀ ሣር ሣር ይላል። ቀስ ብሎ፣ በጨለማ፣ በቀዝቃዛ ክፍል፣ ትንሽ ነፋስ እየነካው ነው መድረቅ ያለበት። ለብልህ አይመክሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም… ለነብርም ቢሆን። ወደ ነብሩ እመጣለሁ።

በዚያ ቤት ቀዝቃዛ ክፍል ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ መኝታው። ኤሲ አለው። ኤሲውን ከባንኮክ የላከችው የሚስቲቱ እህት ናት፤ እህቴን ወገቧን ያማታል፣ በሙቀት እንቅልፍ አይወስዳትም ብላ። ይኸው ልክ እዚህ ጋ ነው የሚያመኝ… የሚያማት። ጋንጃው ገባ፣ ሴትዮዋ ወጣች። አላባረራትም፤ ስድ ሰው አይደለም። ምንጣፏን ራሱ ጠቅልሎ፣ ራሱ ተሸክሞ፣ ወጥ ቤት ከከሰል ምድጃው አጠገብ ዘረጋላት። ትራሷን ሳይቀር አራገፈላት። እሱስ የት ተኛ እንዳይሉኝ፤ ሳሎን፣ የመኝታውን በር ተደግፎ። ሙሽራ በጫጉላ ቤት እንዲህ አልተጠበቀችም።

እንግዳ መጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛ ቀን ብር፣ ሦስተኛ ቀን ብረት ነው ይባል የለ? ያ ተረት ለሰው ነው መሰል። ይሄኛው እንግዳ ነግቶ በጠባ ቁጥር ወርቅ ነው። ብርሃን እንዳይነካው መስኮቱ ላይ ጥቁር ላስቲክ ወጥሮ በምስማር ቸነከረለት። እሷ ለዝናብ ወራት ብላ ክፍሉ ውስጥ የዘረጋችውን የልብስ ገመድ ያዘና አምስቱንም ግንድ ቁልቁል ሰቀለበት። ከዚያ አዋጅ አወጣ፤ ማንም እንዳይገባ፣ የሰው እጅ ወዝ አበባውን ያበላሻል። ማንም ያለው ሚስቱን ነው፣ ሌላማ ማን አለ። ራሱ ግን ጠዋትም ማታም ይገባል። ቀጭን ቅርንጫፍ ወደ ጆሮው ያስጠጋና ያጥፋል። ቀጭ ካለ ደርቋል፣ ዝም ካለ አልደረቀም። እንዲህ ያለ ጆሮ አይቼ አላውቅም፣ እትዬ። ሚስቱ ውሃ ልትቀዳ ጎንበስ ስትል ወገቧ ቀጭ ይላል… እሱን ግን እስካሁን አልሰማም።

መቼም ልብስ መታጠቡ አይቀር። ያቺ ሴት አጠበች። ገመድ የለም፣ ፀሐይ የለም፣ ከወገቧ በታች የምታገለድመውን ሽርጧን፣ እንደረጠበ በክንዷ ይዛ ቆመች። እንደ ጨዋ ሴት ሄዳ ጠየቀችው፤ ግንዶቹን ትንሽ ጠጋ ጠጋ ቢያደርግላት ብላ። እሱ ከስልኩ ቀና ሳይል፣ "አንድ ሽርጥ የሚሰቀልበት ቦታ ጠፍቶሽ ነው? ያገኘሽበት ስቀይው" አላት። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ሚስት ደግሞ ታዛዥ መሆን አለባት አይደል፣ እትዬ? እናቶቻችን እንዲያ ብለው አይደል ያሳደጉን? ሄዳ ፈለገች። ከመኝታ ክፍሉ በር ጉበን ግራና ቀኝ ሁለት ምስማሮች አገኘች። ካገኘችበት ሰቀለችው። እንዴት ያለ የሐር ሽርጥ ነው ደግሞ፤ በሩን ከጉበኑ እስከ ወገብ ድረስ ግጥም አድርጎ ይሸፍናል።

ክፋት አላሰበችም። ክታብ ያሰረ ወንድ በሴት ሽርጥ ሥር ካለፈ የክታቡ ኃይል ይረግፋል የሚባለውን ነገር… ያንን እሱ ራሱ አይደል እንዴ ከጓደኞቹ ጋር ሲጠጣ "የአሮጊቶች ተረት ነው፣ ዘመኑ የሳይንስ ነው" እያለ የሚስቅበት? በሱ ሳይንስ ተማምና ነው እንግዲህ።

ከማሳ ተመለሰ። በሩ ጋ ደረሰ። ቆመ። ምን ሆኖ እንደቆመ እሷ ምን ታውቃለች፣ ሩዝ እየዘፈዘፈች ነበር። ብቻ ክታቦቹን አንድ በአንድ ከአንገቱ ሲያወልቅ አይታለች። ሁሉንም አውልቆ ጨርሶ አንገቱን ዝቅ ሊያደርግ ሲል ጀርባው ትዝ አለው። ጀርባው ላይ፣ በወጣትነቱ ትልቅ መምህር ጸልየው የነቀሱለት ነብር አለ። ክታብስ ይወልቃል፤ ነብር ምን ይደረጋል? ጥርሱን ያገጠጠ፣ ጥይት የማይበሳው ነብር፣ ሽርጥ ፊት ተገትሮ ቀረ። ሴት የላከው ሞት አይፈራም ይላሉ። እኔም ሞት ይፈራል አልወጣኝም… ስለ ሽርጥ ነው የምጠይቀው።

በእንጨት ሊገፋው ሞክሮ ነበር አሉ። ከዚያ እንጨቱን አጠበው። እጁንም አጠበ። ከዚያ ነብሩም እንዳይከፋው መሰለኝ ገላውን ታጠበ። በመስኮት እንዳይገባ፣ መስኮቱን ማን ቸነከረው? "አውርጂልኝ" እንዳይል… አፉንስ ማን ቸነከረው? ሽርጡ እንደሆነ ከደረቀ ቆይቷል። ሽርጥ እንደ ጋንጃ አይሞላቀቅም።

ባለፈው በነጎድጓዱ መብራት ሄዶ አልነበር? የሁላችንም ተመልሶ መጣ። ያ ኤሲ ግን መብራት ቢመጣም በራሱ አይነሳም፣ በሪሞት ነው። ሪሞቱስ? ውስጥ ነዋ፣ አልጋው ላይ፣ ከሙሽሮቹ ጋር። ከዚያን ቀን ወዲህ ሽታው ተለወጠ። ድሮ ደስ የሚል ሽታ ነበረው፤ ጠዋት ምጽዋት የሚቀበሉት መነኮሳት እንኳ በዚያ ደጅ ሲያልፉ እርምጃቸው ቀሰስ ይል ነበር፣ ነውሩ በኔ ይሁን። አሁን የረጠበ ካልሲ ነው የሚሸተው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ አይደል? እውነት ነው፣ አይነቅዝም። ይሻግት አይሻግት ግን የነገረን የለም።

ታዲያ ዛሬ ጠዋት አንድ ሰው እርስዎ ዘንድ መጥቶ፣ ገብተው ሪሞቱን እንዲያመጡለት ለመነዎት ሲባል ሰማሁ። ወሬ ነው፣ ወሬ መች እግር ያጣል። እርስዎ ደግ ነዎት፣ እምቢ ማለት አያውቁበትም። ይግቡ፣ ማን ይከለክልዎታል? ሽርጥ ሴትን ምን ያደርጋታል? ብቻ እጅዎን ይጠንቀቁ፤ ቀንበጥ የላጠ እጅ ነው፣ ወዙ እንዳያበላሽባቸው። ደግሞም ሰው ክፉ ነው፣ እትዬ። ያየ ሁሉ ላምዱዋን የሰው መኝታ ቤት ምን ትሠራለች ይላል እንጂ ሪሞት ልታመጣ ነው አይልም። ለእርስዎ አስቤ ነው።

ያቺ ሴት ምን እንደምትፈልግ ያውቃሉ? እኔ ጠይቄያታለሁ። ጋንጃው እንዲበላሽበት አትፈልግም። ስንት የደከመበት ነው፣ እሷም ታዝንለታለች። "ወገብሽ እንዴት አደረ" ቢላት… እሱስ ይቅር፣ "አውርጂውና ግቢ፣ አልጋሽ ላይ ተኚ" ቢላት፣ ሽርጡን በአንድ እጇ ነበር የምታወርደው። ግንዶቹንም ሳሎን አውጥታ፣ ቁጭ ብላ በማራገቢያ ባራገበችለት ነበር። ማታ ማታ ከከሰሉ አጠገብ ስትገላበጥ የሚያስለቅሳት ወገቧ አይደለም። በዚያች ጠባብ ቤት ለአምስት ግንድ ቅጠል ቦታ ተገኝቶ ለሷ መታጣቱ ነው… አይ፣ ምንም አልሆንኩ፣ የቀንበጡ ጸጉር ነው ዓይኔ ውስጥ የገባው።

ኧረ ቀስ ብለው ይዩት። ጨርቁን ጣለ። ወደ ደረጃው ሄደ። ወጣ… በሩ ጋ ቆመ። ያ ስለሱ ሳወራ የቆየሁት ሰውዬ አይደለም፣ ይሄ የራሱን ቤት ነው የሚወጣው። ዞረ። ወደኛ አየ። አፉን ከፈተ… ሊናገር ነው መሰል… አስነጠሰው። ወረደ። ጨርቁን አነሳ። ያች ሞተር ሳይክል እኮ ከዛሬ ወዲያ ፊት የሚታይባት መስታወት ናት።

እንግዲህ እኔ ልሂድ፣ ሩዝ አልዘፈዘፍኩም። ክፉ ነገር አልወጣኝም አይደል? እንዲያውም ያንን ሰውዬ ልመርቀው፣ ዕድሜያችን የመራቂ ነው፣ ምርቃት ምን ይጎዳል። ክታቡ ከጥይት፣ ከእባብ፣ ከምቀኛ ዓይን ይሰውረው። ነብሩ አይድከምበት። ነገ ለመነኮሳቱ ሩዝ ስሰጥ ጽድቁን በሱ ስም አደርገዋለሁ። በጎ ሥራው ሁሉ ተቆጥሮለት በሚመጣው ሕይወቱ ሴት ሆኖ ዳግም ይወለድ፤ መልከ መልካም፣ ታታሪ፣ ታዛዥ ሴት። እና አደራ… ባል ሲሰጠው፣ ልክ እንደራሱ ያለውን ይስጠው።