በሰማያዊ ክር የተሰፋው ቢጫ ጋዋን

የምስክር ቃል

የምስክር ስም፦ በዋናው መዝገብ ላይ የሰፈረ፤ በሰፈር መጠሪያቸው እማማ ልኬ
ዕድሜ፦ 56
ሥራ፦ ልብስ ስፌት
አድራሻ፦ ከጤና ጣቢያው የጎን በር ፊት ለፊት፣ ከስፌት ቤታቸው ጀርባ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ ጠዋት
ቃሉ የተወሰደበት ሁኔታ፦ ምስክሯ በጤና ጣቢያው ለይቶ ማቆያ ክፍል ውስጥ፣ ቃል ተቀባዩ በመተላለፊያው ላይ ሆነው፣ በተዘጋ መስኮት እየተያዩ በስልክ

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር፣ የጤና ጣቢያው ዘበኛ በተጠረጠረበት ጉዳይ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ ቃሌን እንደሚከተለው እሰጣለሁ። ከሁሉ አስቀድሞ ልጄ ሕፃን ልጇን ይዛ የት እንደሄደች ተጠይቄ፣ አላውቅም ብያለሁ።

በዚሁ ቤት ስሰፋ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። የስፌት መኪናዬ በመስኮቱ በኩል ስለሆነ በጎን በር የሚገባውንና የሚወጣውን ሳልፈልግም አያለሁ። ኤምፖክስ የተባለው፣ የሰፈሩ ሰው የዝንጀሮ ፈንጣጣ የሚለው በሽታ ከመጣ ወዲህ የኋለኞቹ ክፍሎች ለታማሚዎች ተለይተው ጠያቂ እንዳይገባ ተከልክሏል። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ቤት ለቤት እየዞረች አስተምራናለች። ቁስሉን መንካት፣ የታመመውን ሰው አንሶላ፣ ፎጣና ልብስ መጋራት በሽታውን እንደሚያጋባ፣ ትኩሳትና ሽፍታ ያየ ሰውም ሳይደበቅ ቶሎ እንዲመጣ ነግራናለች። እኔም «ልጄ፣ የምኖረው በሰው ልብስ ነው፤ ምን ልሁን?» ብያት ሳይታጠብ ምንም እንዳልቀበል መክራኛለች። ስለዚህ አልሰማሁም ማለት አልችልም።

ከሦስት ሳምንት ገደማ በፊት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዘበኛው ወደ ስፌት ቤቴ መጣ። ለሰው ችግር ሁሉ ዘዴ ስለማያጣ አባ መላ ነው የምንለው። በፌስታል የያዘው፣ ታማሚዎቹ ጋ ሲገባ የሚለበስ ቢጫ ጋዋን ከብብቱ እስከ ክርኑ ተተርትሯል። «ልኬ፣ ይቺን ቶሎ ያዝ ያዝ አድርጊልኝ፤ ለሥራ ናት» አለኝ። መታጠቧን ስጠይቀው «ታጥባ ፀሐይ ላይ ውላለች» አለ። አንገትጌው ግን እርጥብ ነበር። ፀሐይ ላይ የዋለ ጨርቅ እንዴት እንደሆነ እጄ ያውቀዋል። ሆኖም አባ መላን በምን አፌ ውሸታም ልበለው፤ ባለቤቴ የሞተ ዕለት ከአጠገቤ ያልተለየ ሰው ነው።

ቢጫ ክር ስላልነበረኝ በሰማያዊ ሰፋሁት። ስጨርስ ክሩን በጥርሴ በጠስኩት። መቀሱ እዚያው ፊቴ ነበር። ለምን በመቀስ አልቆረጡም ተብዬ ተጠይቄ፣ ልብስ ሰፊ የሆነ ሰው እንዲህ አይጠይቅም ብያለሁ። የሰፊ አፍ ሁለተኛ መቀሱ ነው፤ እጅ ሥራ ሲይዝ ጥርስ ያግዛል። ቀጥሎም እጅጌው መስተካከሉን ለማየት ጋዋኑን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ሞከርኩት። ዋጋ አልተቀበልኩም።

ከሰኞ ጀምሮ ያ ጋዋን በጎን በር ሲመላለስ አየሁት። የሰማያዊ ክሩ መስመር ከመንገዱ ማዶ ይታያል። መጀመሪያ እጅጌው ክርኑ ላይ የቀረበት አንድ ረጅም ሰው ለብሶት ገባ። እሱ ከወጣ በኋላ ጫፉ መሬት ለመሬት የሚጎተትባት አጭር ሴትዮ ገባችበት። በማግስቱ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ለብሰውት አየሁ። እኔ ሰውን የማውቀው በልኩ ነው፤ ከጤና ጣቢያው ሠራተኛ አንዱም አልነበረም። ሁሉም ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል። ጠያቂዎች መሆናቸው ያኔ ገባኝ። አባ መላ ከአንዱ ላይ አውልቆ ለሌላው ያለብሳል፤ ሰው እስኪመጣ ደግሞ ጋዋኑ ከዘበኛ ቤቱ በስተጀርባ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል።

ለገንዘብ ነው ወይ ለተባልኩት፣ አይደለም። ሄጄ አናግሬዋለሁ።

«ምን እየሠራህ ነው?» አልኩት።

«ልጇ ውስጥ ሆኖ ሲያለቅስ እናቱ ደጅ ቆማ ትስማ? ልብሱስ የተሠራው ለመከላከያ አይደል እንዴ?»

«እሺ፣ ሰዎቹን ልብሱ ይከላከልላቸው። ልብሱንስ ማን ይከላከልለታል?»

«ኧረ ልኬ፣ አንቺ ደግሞ ነገር ስትተረትሪ» ብሎ ሳቀ። «ብቻ ለሲስተር እንዳትነግሪብኝ።»

ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። ይኼኛው ግን ነቅዟል። በዚያ ቀን መንገዱን ተሻግሬ ለሲስተር ብነግራት ኖሮ ከዚያ በኋላ ጋዋኑን የለበሱት ሁሉ አይለብሱትም ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ሰውነቴን ቆረጣጠመኝ፣ አተኮሰኝ፣ መንጋጋዬ ሥርም አበጠ። ከዚያ ታችኛው ከንፈሬ ላይ አንዲት ውኃ የቋጠረች ነገር ወጣች። ምች ነው ብዬ ናቅኋት፤ ከንፈሩን ምች መትቶት የማያውቅ ማን አለ። ልጄ ከወለደች አራት ወሯ ሲሆን፣ ባሏ ለሥራ ራቅ ያለ ቦታ ስላለ ከእኔ ጋር ነበረች። እሷም «እማ፣ ከንፈርሽ ምን ሆነ?» ብላኝ «ምች ነው» አልኳት። ሕፃኑ ማታ ማታ እኔ ካላቀፍኩት አይተኛም። ቁስሉ ከንፈሬ ላይ እያለ አንገቱን፣ ጉንጩን፣ እጁን ስስም ሰንብቻለሁ። እዚህ ላይ አልቅሼ ማቆሜ እንዳይጻፍ ቃል ተቀባዩን ለምኜዋለሁ፤ ጽፎታል።

ባለፈው ማክሰኞ መዳፌ ላይም ወጣ። ምች መዳፍ ላይ እንደማይወጣ አውቃለሁና በራሴ እግር ሄጄ ለሲስተር አሳየኋት። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የጠየቀችኝ «እማማ፣ ማታ ማንን አቅፈው ነው የሚተኙት?» ብላ ብቻ ነው። ወዲያው ለልጄ ደውዬ ሕፃኑን ይዛ እንድትመጣ ነገርኳት። በሰፈራችን እዚህ የገባ ሕፃን ከእናቱ ይነጠላል የሚል ወሬ አለ። «ልጄን ሊወስዱብኝ ነው አይደል?» አለችኝና ዘጋችው። በኋላ ራሷ ደውላ ያለችበትን ነገረችኝ፤ «ለሰው ከተናገርሽ እናቴ አይደለሽም» ብላም አስማለችኝ።

ትናንት ማታ እንደገና ደወለች። «ጆሮው ሥር አንዲት ነገር ወጥታለች። ትንኝ ናት። ጡት ግን እምቢ ብሏል» አለችኝ። ትንኝ ናት ያለችው እኔ ምች ነው ባልኩበት ድምፅ ነው። ሌሊቱን አልተኛሁም።

አባ መላም ታሞ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ተኝቷል፤ ሲያቃስት ይሰማኛል። ክፉ ሰው ነው ብዬ አልመሰክርበትም፤ ያጠፋው ግን ጥፋት ነው፣ የእኔም እንዲሁ። ጋዋኑ ከምስማሩ ላይ እንደታጣና እስካሁን እንዳልተገኘ ቃል ተቀባዩ ነግሮኛል። የት እንዳለ አላውቅም። ዛሬ ማን ትከሻ ላይ እንደዋለም አላውቅም።

ልጄ የት እንደሄደች አላውቅም ያልኩት ግን ሐሰት ነው። ያለችው በባሏ እህት ቤት፣ ከወፍጮ ቤቱ ኋላ ባለው ግቢ፣ አረንጓዴ በር ባለው ክፍል ነው። በዚያ ክፍል አራት ልጆች በአንድ ፍራሽ ይተኛሉ፤ የልጅ ልጄም አሁን መሐላቸው ነው። መሐላዬን ያፈረስኩት ሲስተር መስኮቱ ላይ ቆማ፣ ሕፃኑ ከእናቱ እንደማይለይና አንድ ክፍል እንደሚሰጣቸው ስላረጋገጠችልኝ ነው። ፖሊስ ቀድሞ እንዳይሄድ እለምናለሁ፤ ልጄ የደንብ ልብስ ካየች በጓሮ ትወጣለች። ሲስተር ትቅደም። ልጄ ማን ነገራችሁ ብላ ከጠየቀች ጎረቤት እንዳትሉ፤ እናትሽ በሏት። ቂሟን እኔ ላይ ትያዝ፤ ብቻ ልጁን ይዛ ትምጣ።

ከላይ የተጻፈው በስልክ ተነቦልኝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምቻለሁ። ያልኩት ነው፤ ያላልኩት አልተጨመረበትም። ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ፣ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ወረቀትና እስክሪብቶ ወደ ክፍሉ ገብቶ መውጣት ስለማይፈቀድ፣ ምስክሯ እዚያው ባለ ወረቀት ላይ ፈርመው በመስታወቱ ያሳዩት በፎቶግራፍ ተነስቶ ተያይዟል።

የቃል ተቀባይ መርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል።

የቃል ተቀባይ ማስታወሻ፦ ሲስተር አድራሻውን እንደያዙ፣ ፊርማው እስኪያልቅ ሳይጠብቁ በጤና ጣቢያው መኪና ወጥተዋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የምስክሯ ስልክ ጠራ። ምስክሯ ስልኩን ወደ መስኮቱ አዙረው ደዋይዋ ልጃቸው መሆኗን አሳይተውኛል። «ድምፄ ያሳብቅብኛል» ብለው አላነሱትም። ጥሪው እስኪቆም ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ወዲያው እንደገና ጠርቷል።