«እንዳይገለበጥ» የሚለው ግንብ

— ሄሎ?... ሄሎ! ማን ልበል?... ውይ፣ አንተ ነህ! ከትናንት ጀምሮ ስደውል ስልክህ ዝግ ነው። በማን ስልክ ነው የምትደውለው?... እሺ፣ እሺ፣ ይሁን።

— ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ልናገር። ትናንት ፊልሙ ሲያልቅ ወንበሬ ድረስ መጥተህ፣ ጎንበስ ብለህ «እማዬ፣ ፈራሽ ወይ?» አልከኝ... አዎ፣ ዝም አልኩህ። ሰው እየሳቀ በአጠገባችን ይወጣል፣ አንተ ዓይን ዓይኔን ታየኛለህ። ዛሬ ግን እመልስልሃለሁ... ሄሎ? ትሰማኛለህ? የምን ጩኸት ነው እሱ?

— የት?... አውቶቡስ መናኸሪያ? መናኸሪያ ምን ትሠራለህ?... አጎትህ ጋ? እስከ መቼ?... «እንጃ» ማለት ምን ማለት ነው? ለአንድ ፊልም ተብሎ ከተማ ጥሎ ይኬዳል እንዴ? ከሰዓት በኋላ እኮ ሁለተኛ ጊዜ ይታያል! ማን ሊቆምለት ነው?

— አንተ ሰውዬ፣ ያንን ሬዲዮ ቀንሰው! ልጅህ ነው... መናኸሪያ ነኝ ይላል... ሊሄድ ነዋ!

— ለአባትህ ነው። ቀጥል... ማን? እኔ? እኔ ነኝ ፊልምህን ያበላሸሁት?

— ስማ እንግዲህ። አዎ፣ ሳቁ ከእኔ ጀመረ። አልካድኩም። ግድግዳው ላይ ተጽፎ አየሁ፣ አነበብኩ። ምን ላድርግ? የጎልማሶች ትምህርት ከገባሁ ወዲህ ፊደል ካየሁ አያስችለኝም። «ያየሽውን ሁሉ ጮክ ብለሽ አንብቢ» ያልከኝ አንተው አይደለህ? የሱቁንም፣ የመድኃኒቱንም፣ የሳሙናውንም ሳላነብ አላልፍም። ታዲያ ያቺ መንፈስ ሻማዋን ይዛ በደረጃው ስትወርድ፣ ሰው ትንፋሹን ውጦ፣ ከኋላዋ በግንቡ ድንጋይ ላይ ጥቁር ፊደል... «እን... ዳይ... ገለ... በጥ»። በሆዴ ያነበብኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ድምፄ ወጥቷል!

— እና ምን ይሁን? ከንጉሦቹ ዘመን የቆየ ግንብ ነው ትላለህ፣ የፍሪጅ ካርቶን ነው እኮ!... ቀባችሁት? ቀለሙማ ጽሑፉን አልሸፈነውም... አለቀ? ቀለም ካለቀ ካርቶኑን አታዞሩትም? ጀርባው ባዶ ነው! ከመሃላችሁ ይኼን የሚያስብ አንድ ሰው ይጥፋ?

— አልስቅም! ተናድጄ ነው። እንደዚያ ስትከሳ፣ ምሳህን እየረሳህ ስትሮጥ የከረምከው ለዚህ ነው? ሳስበው ያንገበግበኛል።

— እውነቱን ልንገርህ? ትናንት «አሪፍ ነው» ብሎ ጀርባህን መታ መታ ያደረገህ ጓደኛህ ዋሽቶሃል። ፊልሙ አያስፈራም... አዎ፣ አልኩ። አያስፈራም። መብራት ይጠፋል፣ በር ሲጢጥ ይላል። እሱም በር ቢሆን የእኛ መታጠቢያ ቤት በር ነው! ስንት ጊዜ ከፍቼ የዘጋሁት በር ይጠፋኛል? ሰው ይደነግጣል ብለህ አንተ እዚያ ስትጠብቅ፣ አባትህ በጆሮዬ «ዘይት ቀቢው ብዬሽ ነበር» አለኝ።

— ደግሞስ ያቺ መንፈስ ምን ፈልጋ ነው ሰው የምታስቸግረው? ማን በደላት?... «ምስጢር ነው» አትበለኝ፤ አንተም አታውቀውም። ሰው ሞቶ እንኳ ከቤቴ አልወጣም ካለ፣ የሚጠብቀው ነገር አለው። ልጅ ይሁን፣ ባል ይሁን፣ እሱን ነግረኸኝ ቢሆን በዚያ ካርቶን ፊት ቁጭ ብዬ አለቅስልህ ነበር። ዝም ብላ ሻማ ይዛ ወጣች፣ ወረደች፣ ወጣች፣ ወረደች። አደከመችኝ።

— ሄሎ?... አለህ?... አታልቅስ... እሺ፣ ጉንፋን ነው። ጉንፋን ይሁን።

— አሁን ጥያቄህን ልመልስ። ፈርቻለሁ። አንድ ቦታ ላይ ፈርቻለሁ። የንጉሡ ልጅ ከግንቡ ጫፍ ሲዘል... አይ፣ ሰው የሳቀው የፍራሹ ጠርዝ ስለታየ ነው። እኔ ግን ጮህኩ። ያ ጩኸት የእኔ ነው። ጀርባውን ሳየው አንተ ነሃ! ከመዝለልህ በፊት ግራ ትከሻህን ሰበቅ አደረግህ። ሕፃን ሆነህ ከአጥር ስትዘልም እንደዚያ ነበርክ... ተዋናዩ እምቢ ስላለ? እሱማ እናቱ ጥሩ አድርጋ አሳድጋዋለች!... ከየት ነው የዘለልከው?... ከዝገታሙ የውሃ ማማ? በል ተወው፣ አትንገረኝ።

— አንተ ሰውዬ፣ ከውሃ ማማው ላይ ነው አሉ የዘለለው!... ምን?... «አውቄዋለሁ» ይላል። ለካ ያኔ ክንዴን ጨምድዶ የያዘኝ ለዚያ ነው። እስካሁን ያመኛል።

— ስማኝ ልጄ። ዛሬ ጠዋት መንፈሷ ቤታችን መጣች... የተጫወተችው ልጅ ናት እንጂ! ፀጉሯ ላይ ያደረጋችሁባት ዱቄት ገና አልለቀቀም። በሩን ስከፍት ከፊልሙ ይልቅ እዚያ ደነገጥኩ። «የት ሄደ?» አለችኝ። ካሜራማኑም ደረጃው ሥር አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። «ከሰዓት ካልመጣ ሰው ፊት ብቻችንን ልንቆም ነው» አለች። «ተኝቷል» አልኳት። በዚህ ዕድሜዬ አስዋሸኸኝ። አንተን ብለው እኮ ነው ካርቶን ተሸክመው የከረሙት። ሲሳቅባቸው ጥለሃቸው ልትሄድ?

— ማነው የሚጮኸው?... ተሳፈሩ እያለ ነው? ቆይ! ቆይ፣ አንድ ነገር ብቻ። እኔን ሳትሰማ እግርህን እንዳታነሳ!

— ትናንት አንተ ሮጠህ ስትወጣ የቀረውም ሰው ሁሉ ወጣ። አክስትህ ወጣች። ያ «አሪፍ ነው» ባዩም ቀድሟት ወጣ። እኔም አፍሬ «ተነስ እንሂድ» ስለው አባትህ «ተቀመጪ፣ ስሞቹን አንብቢልኝ» አለኝ... አባትህ! አዎ፣ ያ ፊልም የሥራ ፈት ሥራ ነው ሲልህ የኖረው! ከፊልሙ መጨረሻ የሚወጡት ስሞች ደግሞ ሲሮጡ ለጉድ ነው። አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል። ለማን ነው እንዲህ የምታስሮጧቸው? አባትህ ተነሳና ማሽኑ ጋ ወዳለው ሰውዬ ሄዶ «መልሰው» አለው። መለሰው። አሁንም አልደረስኩበትም። «አሁንም መልሰው» አለው። ሰውየው መብራቱን ሊያጠፋ ፈልጎ ይቁነጠነጣል፤ አባትህ ከአጠገቡ ንቅንቅ አላለም።

— አነበብኩለት። ደራሲ፣ አንተ። አዘጋጅ፣ አንተ። ግንብ ሠሪ፣ አንተ። «ሌላ ሰው የለም እንዴ?» አለኝ። ታች ስደርስ ምን ይላል? «የበሩ ድምፅ፣ ከአባቴ ቤት»። ሁለቴ አስነበበኝ። ዛሬ ጠዋት የዘይቱን ጣሳ ይዤ ወደ በሩ ስሄድ ከእጄ ነጠቀኝ። «ያንን በር ማንም እንዳይነካው» አለኝ።

— ሄሎ?... ምንድን ነው ይኼ ጥሩምባ?... ተነሳ?... ሄሎ! ልጄ! ትሰማኛለህ?... ድምፁ እየራቀ ነው... አንተስ? አንተ የት ነህ?... ወንበር ላይ? የምን ወንበር?... የመናኸሪያው! እፎይ... ተመስገን።

— ሻንጣህስ?... ከላይ ተጭኖ ሄደ?... ይሂድ! አጎትህ ይቀበለዋል። አንተ ቀጥ ብለህ ና። ፊትህን ታጠብና ከልጆቹ ጋር ትቆማለህ... ይሳቁ! ቢስቁ ምን ይሆናል? እኔም እመጣለሁ... አፌን እይዛለሁ፣ ቃሌ ነው። ስትዘል ግን አልችልም፣ እዚያ ጋ እጮሃለሁ... እሺ። በል፣ ዝጋው፤ የስልኩ ባለቤት ይፈልገዋል። አመስግንልኝ።

— አንተ ሰውዬ፣ ኮትህን አምጣ፤ ከሰዓት ፊልም አለን... ምን ሆነ ትላለህ እንዴ? ሻንጣው ሄዷል፣ ልጁ ቀርቷል።