ለመሪጌታ የተሠራው ሽንት ቤት

ከቀየት ወደ ዘመሮ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡ እናት፣ ጎናቸው ላለው ጎልማሳ ስለ ባለቤታቸው ያጫውቱታል።

«መሪጌታ እግራቸውን ካመማቸው ወዲህ ደጅ ደግፌ የማወጣቸው እኔ ነበርኩ። ያፍራሉ። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሽንት ቤት አሠራሁላቸው።»

«ፈቃድ አወጡ እማማ?»

«አውጥቻለሁ። ግን የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ መጥቶ ሳያየው ቧንቧውን በሲሚንቶ አስደፈንኩት።»

«አስቆፈረዎት?»

«አስቆፈረኝ። ተናድጄ ነበር። ለካ መገጣጠሚያው ያፈስ ኖሯል።»

«እንኳን አየልዎ።»

«ተጠግኖ ሲያልቅ ሊያየው ተመልሶ መጣ። መሪጌታን ተኝተው ሲያያቸው፣ ‹ግድግዳው ላይ የእጅ መያዣ ብረት ያስገጥሙላቸው› አለኝ።»

«አስገጠሙ?»

«በማግሥቱ። መሪጌታ ብረቱን ይዘው ብቻቸውን ገቡ።»

«ምን አሉ ታዲያ?»

«ልጄ፣ በሩን ራሳቸው ዘጉት።»

ዘመሮ ደርሰን እናትየው ቀድመው እስኪወርዱ ድረስ ከመቀመጫዬ አልተነሣሁም።