ያቺን ቀን ቡሬ ላይ የደረሰልን መካኒክ

ቡሬ ገበያ ዳር መኪናችን አልነሳም ብላ ቆመችና አውቶማቲክ ማርሽ የሚያውቅ መካኒክ ስናፈላልግ ያመጡልን ማንን መሰላችሁ? ድሮ ባለቤቴን ሊያገባት ይመኝ የነበረውን ጌታሁንን! «የሺ! አንቺ ነሽ?» አላትና እኔን በጨረፍታ ሰላም ብሎ መኪናዋ ሥር ገባ። እሷን መሪው ጋ አስቀምጦ፣ «የሺዬ፣ ማርሹን ፒ ላይ አድርጊው... አሁን ደግሞ ኤን ላይ... ጎበዝ!» ይላል፤ እሷም ትስቃለች። እኔ ልቀመጥ ብል «ግድ የለም፣ እሷ ገብቷታል» አለኝ። ምነው አቅቶት ባፈረ እያልኩ ስመኝ፣ ሽቦውን በኤሌክትሪክ መለኪያ ለክቶ ወጣ።

«ካምቢዮው ደህና ነው። ማርሹ የት እንዳለ የሚጠቁመው ሴንሰር ውሃ ገብቶበታል። ማርሹ ማቆሚያው ፒ ላይ ሳለ መንጃው ዲ ላይ ነው እያለ ስለሚዋሽ ሞተሩ አይነሳም» አለ። ፈትቶ አድርቆ መለሰው፤ የሺ ቁልፉን ስታዞረው መኪናዋ ወዲያው ተነሳች።

መንገድ ላይ አላስችል ብሎኝ «ጎበዝ ሰው ነው። ምነው እሱን ሳታገቢ ቀረሽ?» አልኳት፤ «ካንተ ማን ይወዳደራል» እንድትለኝ ብዬ። እሷ ግን በመስኮቱ እያየች «ያንተ ሽማግሌዎች ቀደሙታ!» አለችኝ።